የገደል ማሚቶን በዓይን ማየት፦ የሕክምና ተማሪ አልትራሳውንድ ቢማር ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ምን ይጠቅማል?

እንበልና ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ከተመረቀ ገና አራት ወር የሆነው ሐኪም እንደ ወገዳ ወይም እንደ አርብ ገበያ ባለች የወረዳ ከተማ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ውስጥ ተረኛ ነው። አንዲት የ24 ዓመት ሴት በቃሬዛ ትገባለች። ሆዷን ያማታል፣ ፊቷ ገርጥቷል፣ የልብ ምቷ በደቂቃ 130 ደርሷል፣ የደም ግፊቷ ወርዷል። የወር አበባዋን መጨረሻ ያየችው መቼ እንደሆነ ስትጠየቅ "ከፍልሰታ ወዲህ አላየሁም" ትላለች። የሽንት ምርመራው እርጉዝ መሆኗን ይናገራል።

አሁን ሐኪሙ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። እርግዝናው ማህፀን ውስጥ ነው ወይስ ከማህፀን ውጭ ሆኖ ፈንድቶ ደሟ ሆዷ ውስጥ እየፈሰሰ ነው? ሁለተኛው ከሆነ ጊዜ የለም። ኦፕራሲዮን ክፍሉ አሁኑኑ ይከፈት፣ ደም ይፈለግ። አይ፣ ሌላ ነገር ነው ከተባለ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ሪፈር ማለት ይቻል ይሆናል።

መልሱን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሊሰጥ የሚችለው ማሽን እዚያው ግቢ ውስጥ አለ እንበል። ፕሮቡን ማን ይያዘው? ያ ወጣት ሐኪም ስድስት ዓመት ሲማር አልትራሳውንድን ስንት ጊዜ በገዛ እጁ ይዞ ያውቃል? በዚህ ጽሑፍ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ፣ አንድ የሕክምና ተማሪ ከእሱ ምን ያህሉን መማር እንዳለበት፣ እንዴት መማር እንደሚችልና የት ላይ ሊሳሳት እንደሚችል እናያለን።

ለምን ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ?

የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ካርታ ላይ ቅርብ ይመስላል፤ በእግርና በመኪና ግን ሌላ ነው። ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ ያለችው ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ትወርዳለች። እስቴም በደቡብ በኩል ዓባይ ላይ ትቆማለች። በደጋው ጫፍና በቆላው መካከል ያለው ገደል ሰውንም አምቡላንስንም ያዘገያል።

በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ላይ ላይ ጋይንትና ስማዳ እያንዳንዳቸው ከ200 ሺህ በላይ ሰው ነበራቸው። በአገራችን የጤና አወቃቀር ደግሞ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ራዲዮሎጂስት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በትልልቆቹ ሆስፒታሎች ነው። በወረዳ ከተማ ያለውን ሕመምተኛ ሌሊት የሚያየው ጠቅላላ ሐኪሙ፣ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያውና አዋላጅ ነርሷ ናቸው። ስለዚህ በደብረ ታቦር፣ በጎንደር ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ እጅ ላይ ዛሬ የሚቀመጠው ችሎታ ነገ ንፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ ሥራ ላይ ይውላል ማለት ነው። የማይቀመጠውም እንደዚያው።

ድምፅ እንዴት ምስል ይሆናል?

ጨጨሆ አፋፍ ላይ ቆሞ የጮኸ ልጅ የአልትራሳውንድን ግማሽ ፊዚክስ ያውቃል። ድምፁ ሄዶ ገደሉን ይመታል፣ የገደል ማሚቶ ሆኖ ይመለሳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ማሚቶው ከሁለት ሰከንድ በኋላ ከተሰማ ድምፁ ደርሶ መልስ 680 ሜትር ሄዷል፤ ገደሉ ያለው 340 ሜትር ላይ ነው።

አልትራሳውንድም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ድምፁ እኛ ከምንሰማው በላይ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20 ሺህ ንዝረት ድረስ ይሰማል፤ የሕክምና ማሽኑ ግን ከ2 ሚሊዮን እስከ 15 ሚሊዮን በሚደርስ ንዝረት ይሠራል። ሁለተኛ፣ በሰውነት ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል፤ ማሽኖቹ በሰከንድ 1540 ሜትር ብለው ያሰላሉ። 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ካለ ነገር የሚመለስ ማሚቶ ከ130 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ ይደርሳል። ሦስተኛ፣ ጩኸቱ አንድ አይደለም። ፕሮቡ ውስጥ በመስመር የተደረደሩ ትንንሽ ክሪስታሎች በየተራ ይጮኻሉ፣ በየተራም ያዳምጣሉ። እነዚህ ክሪስታሎች ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሲንቀጠቀጡ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ይህንን ባሕርይ ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 ነው ያገኙት። ከራጅ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ ራጅ ጨረር ይጠቀማል፣ አልትራሳውንድ ግን ድምፅ ብቻ ነው።

ስክሪኑ ላይ ጠንካራ ማሚቶ ነጭ፣ ደካማው ግራጫ፣ ማሚቶ የሌለበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሽንት፣ ገና ያልረጋ ደምና የእንሽርት ውሃ ውስጣቸው ድምፅ የሚመልስ ነገር ስለሌለ ጥቁር ናቸው። አጥንትና ድንጋይ ፊታቸው ነጭ ሆኖ ከኋላቸው ጥላ ይጥላሉ። አየር ደግሞ የማሽኑ ጠላት ነው። ድምፅ ከሥጋ ወደ አየር ሊያልፍ ሲል ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ይመለሳል። ቆዳ ላይ ጄል የሚቀባው ለዚህ ነው፤ በፕሮቡና በቆዳው መካከል ያለችውን ቀጭን የአየር ሽፋን ለማባረር እንጂ ለማለስለስ ብቻ አይደለም። ጄል ሲጠፋ ከበቆሎ ስታርችና ከውሃ (አንድ እጅ ለአስር እጅ ተደርጎ በእሳት ላይ እየተማሰለ) የሚሠራ ምትክ በተመራማሪዎች ተሞክሮ ለምስል ጥራት ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል። የሚበላሽ ስለሆነ ግን በየጊዜው ትኩሱን መሥራት ያስፈልጋል፤ ቁስል ላይም አይደረግም።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ፤ ምክንያቱም ተማሪ ከሚሳሳትባቸው ነገሮች ግማሹ እዚህ ውስጥ አለ። ድምፅ በሥጋ ውስጥ ሲሄድ ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትርና ለእያንዳንዱ ሚሊዮን ንዝረት ግማሽ ዴሲቤል ገደማ ይደክማል። በ3.5 ሚሊዮን ንዝረት 15 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ለመመለስ 30 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ 52 ዴሲቤል ያህል ይጠፋል። ይህ ማለት ከተላከው ኃይል የሚመለሰው ማሚቶው ሙሉ በሙሉ ቢንጸባረቅ እንኳ ከ180 ሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። በ10 ሚሊዮን ንዝረት ብንሞክረው ግን 150 ዴሲቤል ይጠፋል፤ ከ1 በኋላ 15 ዜሮ ያለው ቁጥር አንድ እጅ ብቻ ማለት ነው። በቃ፣ ምንም አይመለስም። ስለዚህ ለሆድ ዝቅተኛ ንዝረት ያለው ፕሮብ፣ ለደም ሥርና ለቆዳ ሥር ነገር ከፍተኛው ይመረጣል። ከፍተኛ ንዝረት ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ ዝቅተኛው ርቆ ያያል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም።

ማሽኑ የደከመውን ማሚቶ የሚያጎላበት ቁልፍ ጌን ይባላል። ጀማሪ ምስሉ ሲጨልምበት ጌኑን ዝም ብሎ ይጨምራል። ያኔ ጥቁር መሆን የነበረበት ደም ግራጫ ሆኖ ጉበት ይመስላል። ሕይወት የምታልፍበት ስህተት አንዳንዴ የአንዲት ቁልፍ ነገር ነው።

ከቦይለር ወደ ማህፀን

መሐንዲሶች ስለሆንን እዚህ ላይ ትንሽ እንኩራ። አልትራሳውንድ ወደ ማህፀን ሕክምና የገባው በብረት ፋብሪካ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የግላስጎው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ ከሕመምተኞች የወጡ እጢዎችን በመኪና ጭኖ ወደ አንድ የቦይለር ፋብሪካ ሄደ። ፋብሪካው በብረት ውስጥ ያለ ስንጥቅን የሚፈልግ የድምፅ መሣሪያ ነበረው። ለማወዳደሪያ የቀረበው ደግሞ ቁራጭ የበሬ ሥጋ ነበር። ውሃ የቋጠረው እጢ፣ ድፍኑ እጢና ሥጋው የተለያየ ማሚቶ ሰጡ። ቆይቶ ቶም ብራውን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ተጨምሮ እ.ኤ.አ. በ1958 ዝነኛውን ጥናታቸውን አሳተሙ።

ዛሬ ማሽኑ ኪስ ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በክሪስታል ፈንታ በአንድ የሲሊኮን ቺፕ የሚሠራና ስልክ ላይ የሚሰካ ፕሮብ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ፤ ዋጋውም ወደ 2 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ነበር። ማሽኑ ረከሰ፤ ማየት የሚችል ዓይንና እጅ ግን በዚያው ፍጥነት አልረከሰም።

ተማሪው ስንት ነገር ይወቅ?

ብዙ ጊዜ የሚነሳ ስጋት አለ፦ "ራዲዮሎጂስት እኮ ከሕክምና ዲግሪው በኋላ ዓመታት ይማራል። ተማሪ በጥቂት ሳምንት እንዴት ይችለዋል?" ስጋቱ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ያምታታል። ራዲዮሎጂስቱ "እዚህ ሆድ ውስጥ ምን ምን አለ?" ብሎ ይጠይቃል። አልጋ ዳር ያለው ሐኪም ግን አዎ ወይም አይደለም የሚባል አጭር ጥያቄ ነው ያለው። የመጀመሪያው ቅኔ ነው፣ ሁለተኛው ፊደል መቁጠር። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ቅኔ አይዘርፍም፤ ደብዳቤ ግን ያነባል።

ለእንዲህ ያለ አካባቢ ለሚሄድ ሐኪም የሚያስፈልጉትን ጥያቄዎች ወደ አምስት ማጥበብ ይቻላል፦

1. ሆድ ውስጥ ነጻ ፈሳሽ አለ? ከገደል ለወደቀ፣ መኪና ለገለበጠው ወይም በጥይት ለተመታ ሰው በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መካከል፣ በጣፊያና በግራ ኩላሊት መካከል፣ ከፊኛ ጀርባና በልብ ዙሪያ ይታያል። አራት ቦታ፣ ጥቂት ደቂቃ።

2. እርግዝናው ማህፀን ውስጥ ነው? የጽንሱ ልብ ይመታል? መንታ ነው? የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ተኝቷል? ዕድሜውስ ስንት ነው?

3. በልብ ሽፋን ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል? የሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር ይህ ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም።

4. ሳንባው ከደረት ግድግዳው ጋር ይንሸራተታል? በዙሪያውስ ፈሳሽ አለ? መንሸራተቱ ከጠፋ አየር ደረት ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

5. ፊኛው ሞልቷል? ኩላሊቱስ በተዘጋ ሽንት ተወጥሯል?

ሁለተኛዋን ጥያቄ ትንሽ እንያት። ብዙ እናቶች የወር አበባቸውን ቀን የሚያስታውሱት በበዓልና በጾም ነው፤ "ከጥምቀት በኋላ"፣ "ጾም ሳይገባ"። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጽንሱ ርዝመት ሲለካ ስህተቱ ከሳምንት አይበልጥም። በመጨረሻዎቹ ወራት ግን ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ሳይደርስ የመጣ ምጥን ከደረሰው ለመለየት ቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ የመከረው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ እጁ ላይ ነው

አልትራሳውንድ እንደ ራጅ ተነስቶ የሚነበብ ፎቶ አይደለም። አንሺውም አንባቢውም አንድ ሰው ነው። ምስሉ ከሰውነት ላይ የተቆረጠች አንዲት ስስ ቁራጭ ናት፤ ፕሮቡ ድፎ ዳቦ ላይ እንዳረፈ ቢላ ነው ብላችሁ አስቡት። ቢላውን ትንሽ ስታጋድሉት ሌላ ቁራጭ ይወጣል። ተማሪው በእጁ የሚያደርገውን እንቅስቃሴና ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ለውጥ በጭንቅላቱ ውስጥ ማገናኘት አለበት። ይህ ደግሞ በሌክቸር አይመጣም፤ ከራዲዮሎጂስት ጀርባ ቆሞ በማየትም አይመጣም።

ታዲያ ስንት ጊዜ መሞከር አለበት? የአሜሪካ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞች ኮሌጅ ለእያንዳንዱ የምርመራ ዓይነት ከ25 እስከ 50 የተገመገመ ምርመራ እንዲሠራ ይመክራል። ዝቅተኛውን እንውሰድ። 60 ተማሪ ያለበት አንድ ክፍል ለአንድ ጥያቄ ብቻ 1500 ምርመራ ያስፈልገዋል። ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ብንሰጥ 250 ሰዓት ይሆናል። አንድ መምህር በቀን ሁለት ሰዓት ቢመድብ 125 የሥራ ቀን ነው፤ ያውም ለአንዷ ጥያቄ። አምስቱን አባዙት። በአንድ መምህርና በአንድ ወር አታችመንት እንደማይሆን ግልጽ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ትምህርቱን በዓመታቱ ላይ መዘርጋት ነው። በአሜሪካ የደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 አልትራሳውንድን በአራቱም ዓመታት ውስጥ አስገብቷል። አናቶሚ የሚማር ተማሪ የጓደኛውን ጉበትና ኩላሊት ያያል፤ ፊዚዮሎጂ ሲማር የልብ በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ ይመለከታል። ክሊኒካል ዓመት ሲደርስ ጤናማውን ስለሚያውቅ የታመመው ይታየዋል። ጓደኛ ከሌለም ጄላቲን ውስጥ በውሃ የተሞላ የጓንት ጣት ቀብሮ መለማመድ ይቻላል። የዶናልድን የበሬ ሥጋ አንርሳ።

ሁለተኛው መፍትሔ ተማሪ ተማሪን እንዲያስተምር ማድረግ ነው። ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ሊመስል ይችላል። ጋይንት ግን ከማንም በፊት ያውቀዋል። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያዋ ዙር አባ ያሉት እዚያው ጋይንት ነው። የዜማ ተማሪ ሁሉንም ነገር ከመሪጌታው አፍ አይቀበልም። ቀን ከሌት ከበላዩ ካለው አስቀጻይ ጋር ይቀጽላል፤ መምህሩ ደግሞ ያርማል። መጨረሻ ላይ "ይህን ያህል ዓመት ተቀመጥኩ" ብሎ አይመረቅም፤ ቀርቦ ችሎታውን አሳይቶ ያስመሰክራል እንጂ።

ለአልትራሳውንድ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። አምስተኛ ዓመት ሦስተኛ ዓመትን ያስቀጽል። እያንዳንዱ ምርመራ ተቀድቶ በመዝገብ ይያዝ፤ መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ቅጂዎቹን ያርም። ተማሪው ከመመረቁ በፊት ሰው ላይ፣ መምህር ፊት አምስቱን ጥያቄዎች ሠርቶ ያስመስክር። የመምህሩን 250 ሰዓት ወደሚቻል ቁጥር የሚያወርደው ይህ ነው።

ማሽኑ ብቻውን አያድንም

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። በዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያ፣ በፓኪስታንና በጓቲማላ ገጠሮች ለነፍሰ ጡሮች አልትራሳውንድ ገባ፤ ሠራተኞችም ሠለጠኑ። ውጤቱ? ማሽኑ በገባባቸውና ባልገባባቸው አካባቢዎች መካከል በእናቶችና በጨቅላ ሕፃናት ሞት ላይ ልዩነት አልታየም። ይህ የሚያሳፍር ውጤት አይደለም፤ ትልቅ ትምህርት ነው። የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ መሆኑን ማወቅ የሚጠቅመው መንገድ፣ አምቡላንስ፣ ደምና የኦፕራሲዮን ክፍል ካለ ነው። መልስ ያለ እርምጃ መልስ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው አደጋ ከልክ ያለፈ መተማመን ነው። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም በአልትራሳውንድ የሚታየው ጥቂት መቶ ሚሊ ሊትር ሲሞላ ነው። ስለዚህ "አልታየኝም" ማለት "የለም" ማለት አይደለም፤ ሕመምተኛው ካልተሻለው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ማየት ነው። ማህፀኑ ባዶ ሲመስልም እርግዝናው ገና ከአምስትና ከስድስት ሳምንት በታች ሊሆን ይችላል። ለተማሪ መጀመሪያ መማር ያለበት ቃል "እርግጠኛ አይደለሁም" የሚለው ነው፤ እሱን ለማለት የማያፍር ሰው ብቻ ነው ፕሮብ መያዝ ያለበት።

ሦስተኛው ማሽኑ ራሱ ነው። ፕሮብ አንዴ ከወደቀ ውስጡ ያሉት ክሪስታሎች ይሰነጠቃሉ፤ ምልክቱም ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የማይጠፋ ጥቁር መስመር ነው። ይህንን የማያውቅ ተማሪ ጥላ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጄሉን ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ አምራቹ ያልፈቀደውን ኬሚካል አለመጠቀም፣ ገመዱን አለማጠፍ፣ መብራት ሲወጣና ሲገባ ማሽኑን በቮልቴጅ ማረጋጊያ መጠበቅ፤ እነዚህም የትምህርቱ አካል ይሁኑ። ማሽን በሌላ መንገድም ይጠፋል። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲደርስ የጤና ተቋማቷ ተዘርፈዋል። ማሽን ከተዘረፈ ሌላ መግዛት ይቻላል። የሚይዘው ሰው ከሌለ ግን አዲሱም ካርቶኑ ውስጥ ይቀመጣል።

ወደዚያች ሌሊት እንመለስ

ሐኪሙ ፕሮቡን ከሴቲቱ ቀኝ ጎን፣ ከታችኛዎቹ የጎድን አጥንቶች ላይ ያስቀምጣል። ጉበቱ ይታየዋል፤ ኩላሊቱም። በሁለቱ መካከል መኖር የሌለበት ጥቁር መስመር አለ። ጌኑን ይቀንሳል፤ ጥቁሩ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ወደ ታች ይወርዳል፤ ማህፀኑ ውስጥ ምንም የለም። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። የደወለው ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ነው፤ አምቡላንስ አልጠራም።

ይህ ምናባዊ ሌሊት ነው። የሚያስፈልገው ግን ምናባዊ አይደለም፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ የጓደኛውን ኩላሊት ሲፈልግ ግማሽ ሰዓት የታገለ፣ የበላዩ ተማሪ እጁን ይዞ ያስተካከለው፣ መምህሩ ፊት አስመስክሮ የወጣ አንድ ሐኪም ነው። የሕክምና ተማሪ ከሆናችሁ በሚቀጥለው አታችመንታችሁ ከጀርባ አትቁሙ፤ "እኔ ልያዘው?" ብላችሁ ጠይቁ። መምህር ከሆናችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ስጧቸው።